ጨለማ ነው ስላልሽው ሥዕል

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የለንደን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከናሽናል ጋለሪ የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። «አባዬ፣ ጨለማ ብቻ ነው፤ ምኑን ወደድከው?» ብለሻል። እኔ የወደድኩት ጨለማውን ነዋ!

ሠዓሊው ኼርትገን ይባላል። ሆላንድ ውስጥ ሃርለም ከተማ፣ ከቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ወንድሞች ጋር ይኖር ነበር። ገና በ28 ዓመቱ ገደማ እንደሞተ ይነገራል። ይህን የልደት ሥዕል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1490 አካባቢ ነው። ቁመቱ 34 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ጠጋ ብለሽ ካላየሽው አይገባሽም።

እስቲ ብርሃኑን ተከተይ። በረቱን የሚያበራው በግርግም የተኛው ሕፃን ራሱ ነው። ከእሱ ወጥቶ የእመቤታችንንና የትናንሾቹን መላእክት ፊት ያበራል። ነገሩ ከስዊድኗ ቅድስት ብርጊታ ራእይ ጋር የተያያዘ ነው። እሷ እንዳየችው፣ የሕፃኑ ብርሃን ዮሴፍ ያመጣውን ሻማ ውጦታል። ከኋላ በክፍቱ በኩል ደግሞ ኮረብታው ላይ መልአኩ ለእረኞቹ ሲያበራ ታያለሽ። እረኞቹ ያነደዱት እሳትም አለ። ሥዕሉ ላይ የሰው እጅ ያነደደው እሱ ብቻ ነው፤ ከሦስቱም ብርሃኖች ደካማው እሱ ነው። ሠዓሊው ይህን ሳያስብበት አደረገው ብትይኝ አላምንሽም።

በሬውና አህያው ከጥላው ውስጥ ብቅ ብለዋል። በእኛ ትውፊት በትንፋሻቸው ያሞቁታል። ሥረ ነገሩ ግን ኢሳይያስ ላይ ነው፦ «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ።» ስለዚህ ለማሳመር የገቡ እንዳይመስሉሽ።

ዮሴፍን አየሽው? በስተቀኝ፣ ጨለማው ውስጥ ነው። እናትሽ ስታየው «ያው እንደ አባቶች ሁሉ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ቦታው ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ነገር እወቂ፤ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1904 እሳት ነክቶት ተጎድቷል። ስለዚህ ጨለማውን ሁሉ በኼርትገን አታሳብቢ።

በርሊን የመሄድ ዕድል ከገጠመሽ ደግሞ የእሱን መጥምቁ ዮሐንስ እይልኝ። ምድረ በዳው ለምለም ሣር ነው። ዮሐንስ በጉን አጠገቡ አድርጎ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ፣ አንዱን ባዶ እግሩን በሌላው ላይ ጭኖ ተቀምጧል። እናትሽ ድብርት ይዞታል ትላለች፣ እኔ እያሰበ ነው እላለሁ። አንቺ አይተሽ ፍረጂን።

አባትሽ