የ0.01 ልዩነት ከየት ይመጣል? ስለ ቁጥር ማጠጋጋት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የሒሳብ ሶፍትዌራችን ያወጣው ድምር እናንተ በኤክሴል ካሰላችሁት በ0.01 ሲለይ «የትኛው ነው ልክ?» ትሉናላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚለያዩት በተጠጋጉበት ደንብ ወይም በተጠጋጉበት ደረጃ ነው።

የትምህርት ቤቱን ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከምንፈልገው ቤት በስተቀኝ ያለውን አንድ አሃዝ እናያለን፤ 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እንጥለዋለን፣ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 1 እንጨምራለን። 7.346 ወደ መቶኛ ቤት ሲጠጋጋ 7.35 ነው። ስህተት የሚገባው ደጋግሞ በማጠጋጋት ነው። 2.449ን መጀመሪያ 2.45፣ ቀጥሎ 2.5፣ ከዚያ 3 ያደረገ ሰው ተሳስቷል፤ መልሱ 2 ነው። ምንጊዜም ከዋናው ቁጥር ተነሥታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አጠጋጉ።

ጣጣው ያለው ልክ መሐል ላይ የሚውለው 5 ላይ ነው። 0.5፣ 1.5፣ 2.5 እና 3.5 ሲደመሩ 8 ይሆናሉ። በትምህርት ቤቱ ደንብ ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሆነው 10 ይመጣሉ፤ ሁሉም ወደ ላይ ስለተገፉ ነው። የባንክ ማጠጋጋት የሚባለው ዘዴ እንዲህ ያለውን ቁጥር ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር ይወስደዋል፤ 0፣ 2፣ 2፣ 4 ሆነው ድምሩ 8 ይወጣል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚያጠጋጋው በዚህ ነው፤ ስለዚህ 2.5 በፓይተን 2፣ በኤክሴል 3 ነው።

ከዜሮ በታች ስትወርዱ ሌላ ልዩነት ይጠብቃችኋል። ኤክሴል -2.5ን -3 ያደርገዋል፤ ሌላው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ግን -2። ሽያጭ 2.5 ወደ 3 ተጠጋግቶ ተመላሹ -2 ሆኖ ከተመዘገበ፣ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ተመልሶም መዝገቡ ላይ 1 ይቀራል።

2.675 ደግሞ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ፓይተን ወደ 2.67 ሲያወርደው የባንክ ማጠጋጋት አይደለም፤ በዚያማ ቢሆን 2.68 ይሆን ነበር። ኮምፒውተር ቁጥሩን የሚይዘው በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሆነ በትክክል 2.675 ብሎ ማስቀመጥ አይችልም፤ የተቀመጠው ከዚያ በጥቂቱ ያንሳል፣ ስለዚህ መሐል ላይ አይውልም።

ትርፉን አሃዝ ዝም ብሎ መቁረጥን ግን ለድምር አንመክርም። የካናዳው የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 በ1,000 የጀመረውን የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በየስሌቱ ከነጥብ ቀጥሎ ካለው ሦስተኛ አሃዝ በኋላ ይቆርጠው ነበር፤ በኅዳር 1983 (እ.ኤ.አ.) ከ525 በታች ወርዶ ሲታረም ከ1,098 በላይ ሆኖ ተገኘ።

ወደ እኛ ከሚደርሱት ጥያቄዎች የሚበዙት ግን በደረጃው ምክንያት የሚመጡ ናቸው። ሦስት መስመሮች እያንዳንዳቸው 0.334 ቢሆኑ፣ በየመስመሩ አጠጋግቶ የደመረ 0.99 ያገኛል፤ ደምሮ ያጠጋጋ 1.00። ሶፍትዌራችን በየመስመሩ ያጠጋጋል፤ ደረሰኙ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች በእጅ ሲደመሩም ከታችኛው ድምር ጋር እንዲገጥሙ ብለን ነው። በኤክሴል ስታመሳክሩ እያንዳንዱን መስመር በማጠጋጊያ ፎርሙላ አሳልፉት። ሴሉ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ አይበቃም፤ የሚለወጠው የሚታየው ብቻ ነው፣ ውስጡ 0.334 እንዳለ ይደመራል።

ይህን አድርጋችሁም ልዩነቱ ከቀረ፣ ያልተጠጋጉትን የመስመር ቁጥሮችና የተጠቀማችሁበትን ፎርሙላ ላኩልን። የድምሩ ፎቶ ብቻውን አይረዳንም።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል