የጦርነት ፎቶ ያለ ስም፣ ያለ ቦታ፣ ያለ ቀን አይውጣ

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዜናችሁን በየቀኑ እከታተላለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከጦርነት ዜና ጋር ስለምታወጧቸው ፎቶዎች ነው።

ከፎቶዎቹ ሥር ብዙ ጊዜ የማነበው አንድ ዓይነት ነገር ነው። «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ»። አንዳንዴ «ፎቶ፦ ከኢንተርኔት»። አንዳንዴ ጭራሽ ምንም የለም። እያንዳንዱን ፎቶ ግን ያነሳው ሰው አለ። የተነሳበት ቦታና ቀን አለ። አንባቢው እነዚህን ሳያውቅ የተቃጠለ ቤት ያያል፣ ሬሳ ያያል፣ ይናደዳል፣ ለወዳጁ ይልካል። በማን ላይ እንደተናደደ እንኳ በቅጡ አያውቅም። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

እኔ ለዓመታት በአንድ ጋዜጣ የፎቶ ክፍል ሠርቻለሁ። ያኔ ፎቶ የሚመጣልን ታጥቦ በወረቀት ነበር። መጀመሪያ ገልብጠን ጀርባውን እናያለን። የአንሺው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በእርሳስ ይጻፍበታል። በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ጫን ሲሉት በፊት ለፊት ያብጣል፣ ቀለሙም ሌላው ፎቶ ላይ ይታተማል። ጀርባው ባዶ ከሆነ አለቃችን «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይመልሰዋል። አንሺው ተፈልጎ ይጠየቃል። መልስ ካልተገኘ ፎቶው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ፎቶ እንደዚያ ሲቀር ያንገበግበን ነበር። ቢሆንም ይቀራል።

የመሐመድ አሚንን ታሪክ ላንሳ። የሰባ ሰባቱን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው ሁሉ የኮረምን ምስል ያስታውሳል። በብርድ ማለዳ፣ ባገኘው ጨርቅ ተጠቅልሎ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ። ያ ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ደነገጠ። ነገሩ የዝናብ እጦት ብቻ አልነበረም። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፣ እርዳታ እንደልብ አይገባም ነበር። ዘገባውን ያቀረበውን የቢቢሲውን ማይክል በርክን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ካሜራውን የያዘው ግን የናይሮቢው ልጅ መሐመድ አሚን ነው።

አሚን ከዚያም በኋላ ወደ እኛ አገር ተመላልሷል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከተማው ውስጥ የጥይት ማከማቻ ፈነዳ። የዚያን ዕለት አዲስ አበባ የነበረ ሰው ድምፁን አይረሳውም። አሚንና ባልደረቦቹ ሊቀርጹ ሄደው እዚያው ነበሩ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። አሚን ግራ እጁን አጣ። ከዚያ በኋላ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ቢተወው ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ። ነዳጁን ጨርሶ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። አሚን ከሟቾቹ አንዱ ነው።

እጁን በእኛ ከተማ፣ ሕይወቱን በእኛ አውሮፕላን ያጣ ሰው ነው። የኮረም ምስል ዛሬም ስለ ረሃቡ በተጻፈ ቁጥር ይወጣል። ስሙ ግን ከሥሩ የለም። የጆን ማታይማ ጨርሶ ተረስቷል።

የሚጎዳው አንሺው ብቻ ቢሆን እንኳ ደብዳቤ ለመጻፍ ይበቃኝ ነበር። ጉዳቱ ግን ለአንባቢም ይተርፋል። ግንቦት 2004 ዓ.ም. ሶርያ ውስጥ ሑላ በተባለ ቦታ ከ100 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ግማሽ ያህሉ ሕፃናት ነበሩ። ቢቢሲ በድረ-ገጹ ላይ አንድ ፎቶ አወጣ። በነጭ ከረጢት የተደረደሩ አስከሬኖችን ልጅ ሲዘላቸው ያሳያል። የሑላ ሟቾች እንደሆኑ ይታመናል ተባለ። የተገኘው ከአንድ አክቲቪስት ነው ተባለ። በገለልተኛ ወገን አልተረጋገጠም የሚል ማሳሰቢያም ተጽፎበት ነበር። ፎቶው ግን ጣሊያናዊው ፎቶ ጋዜጠኛ ማርኮ ዲ ላውሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ውስጥ ያነሳው ነበር። ባለቤቱ ራሱ ነው አይቶ ያወቀው። ቢቢሲ ፎቶውን አነሳው።

እንግዲህ ቢቢሲን የሚያህል ተቋም እንዲህ ከተሳሳተ፣ ሦስት ሠራተኛ ይዞ ዜና የሚያወጣ የአማርኛ ድረ-ገጽ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል? «አልተረጋገጠም» የሚለው ቃልም ፎቶውን አላዳነውም። ሰው የሚያየው ምስሉን ነው፤ ማሳሰቢያውን የሚያነበው ጥቂት ነው። ሑላ ላይ የተገደሉት ሕፃናት በእርግጥ ተገድለዋል። እልቂቱን መካድ ለሚፈልግ ሰው ግን አንድ የተሳሳተ ፎቶ ትልቅ ሲሳይ ነው። «ያኛውም እንደዚህ ነው» ይላል።

ይህን ስጽፍ የራሳችንን ጉዳይ እያሰብኩ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ጋዜጠኛም እንደልቡ ገብቶ አይዘግብም ነበር። ያን ባዶ ቦታ ከሌላ አገርና ከሌላ ዓመት የመጡ ፎቶዎች ሞሉት። በየወገኑ ተደርጓል። ልጁ ከግንባር ያልተመለሰለት ሰው ስልኩ ላይ እነዚያን ፎቶዎች እያሰፋ ፊት ይፈልግ ነበር። ወንድሙን የሚፈልግ ሰው የሌላ አገር ሬሳ እንዲመረምር ማድረግ ግፍ ነው። ሌላ ቃል የለኝም።

በእኛ ዘንድ የሚብስ አንድ ችግርም አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። «1983» ብቻ የተጻፈበት የታንክ ፎቶ ምን ይነግረኛል? በእኛ ከሆነ ደርግ የወደቀበት ዓመት ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደርግ ገና ያልተነቃነቀበት፣ የኮረም ምስል እንኳ ገና ያልተነሳበት ጊዜ ነው። ከውጭ የዜና ወኪል የሚመጣ ፎቶ ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ ከቤተሰብ አልበም የሚገኘው በእኛ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲወጡ ሰባት ስምንት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይሆናል። አንዱ ጦርነት ሌላው ይሆናል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር ምን ያህል ድካም ነው?

ስሙ፣ ቦታውና ቀኑ ሦስቱም ተጽፈው የማይበቁበት ጊዜም አለ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1968፣ አሜሪካዊው ፎቶ ጋዜጠኛ ኤዲ አዳምስ ሳይጎን ላይ ያነሳው ፎቶ እንዲህ ያለ ነው። የደቡብ ቬትናም የፖሊስ አዛዥ ጄኔራል ንጉየን ንጎክ ሎአን እጁ የታሰረ የቬትኮንግ (የኮሚኒስት አማፂ) እስረኛን መንገድ ላይ በሽጉጥ ጭንቅላቱን ሲመታው ነው። ፎቶው በማግስቱ ዓለምን አዳረሰ፤ የፑሊትዘር ሽልማትም አገኘ። አዳምስ ግን በዚያ ፎቶ ደስ ብሎት አልኖረም። ከዚያች ቅጽበት በፊት ምን እንደነበረ ፎቶው አያሳይም ብሎ ይጨነቅ ነበር። ሎአን በኋላ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ፒዛ ቤት ከፍቶ ኖረ። ማንነቱ ሲታወቅ ሥራው ተበላሸ። አዳምስ እሱንም ቤተሰቡንም ይቅርታ ጠይቋል።

እኔ እስረኛን ያለ ፍርድ መግደል በምንም ታሪክ ይጸዳል አልልም። የአዳምስ ጭንቀት ግን ይገባኛል። ፎቶው የሰከንድ ቁራጭ ነው። ከፊቱና ከኋላው የሆነውን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ብትጨምሩበት አንባቢ ራሱ ይመዝናል።

መረጃው በደንብ ሲያዝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በዩክሬኗ ማሪዩፖል ከተማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2022 የወሊድ ሆስፒታሉ ሲመታ የዜና ወኪሉ የአሶሺዬትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ሚስቲስላቭ ቸርኖቭና ኢቭጌኒ ማሎሌትካ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ከሆስፒታሉ የወጣች የአንዲት ነፍሰ ጡር ፎቶ ወጣ። የሩሲያ ባለሥልጣናት «ነፍሰ ጡሯ ተዋናይ ናት» አሉ። ግን ማን እንዳነሳው፣ የት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ሁሉም ታውቋል። አንሺዎቹም ገና ከከተማው አልወጡም ነበር። ሴትዮዋን ሌላ ሆስፒታል ድረስ ሄደው አገኟት። ሴት ልጅ ተገላግላ ተኝታለች። «ከማኅበራዊ ሚዲያ» ተብሎ የወጣ ፎቶ ቢሆን ኖሮ ማን ሄዶ ይመሰክርለት ነበር?

ጋዜጠኞች ለምስል የሚከፍሉትን ዋጋም አትርሱት። ሐምሌ 5 ቀን 1985 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ውስጥ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች አንድ ቤት ከደበደቡ በኋላ፣ ጉዳቱን ሊያነሱ የሄዱ አራት ጋዜጠኞች በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። ዳን ኤልደን፣ ሆስ ማይና፣ አንቶኒ ማቻሪያ እና ሃንሲ ክራውስ። ኤልደን ገና 22 ዓመቱ ነበር። ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጋዛ ውስጥ ኻን ዩኒስ የሚገኘው ናስር ሆስፒታል ሲመታ አምስት ጋዜጠኞች ሞቱ። ከአሶሺዬትድ ፕሬስ ጋር ትሠራ የነበረችው ማርያም ዳጋ አንዷ ናት። የውጭ ጋዜጠኛ በራሱ ወደ ጋዛ እንዳይገባ ስለተከለከለ የጋዛን ምስል ለዓለም ያደረሱት እንደ እሷ ያሉ የአገሬው ልጆች ናቸው። በእንዲህ ያለ ዋጋ የመጣን ፎቶ ስክሪንሾት አድርጎ፣ ስሙን ቆርጦ፣ የራስን አርማ ከላዩ ለጥፎ ማውጣት ነውር ነው። የእኛው አገር ወጣት አንሺዎችም ይህ በየቀኑ ይደርስባቸዋል።

እርግጥ ስም መጻፍ ሰው የሚያስገድልበት ጊዜ አለ። አንሺው አሁንም እዚያው አካባቢ ካለ ስሙን አታውጡ። «ለደህንነቱ ሲባል ስሙ አልተገለጸም» በሉ፤ ቦታውንና ቀኑን ግን ጻፉልን፤ ያም የሚያጋልጠው ከሆነ ይህንኑ ንገሩን። እናንተ ስሙን ማወቃችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶ የተነሳው ሰው ጉዳይማ ከሁሉ ይከብዳል። የተደፈረች ሴት ፊት አይውጣ። የምርኮኛም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 13 የጦር ምርኮኛ ከስድብና ለሕዝብ መታያ ከመሆን እንዲጠበቅ ያዛል። እኛ ጋ ምርኮኛ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳትና መለጠፍ እንደ ድል ዜና ተለምዷል። ያ ምርኮኛ እናት አለችው፤ እሷም ስልክ አላት።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ፎቶ የምትቀበሉት በአብዛኛው በቴሌግራም እንደሆነ አውቃለሁ። በተለመደው መንገድ ሲላክ ቴሌግራም ፎቶውን ይጨምቀዋል፤ ከውስጡ ያለውን የቀን፣ የሰዓትና የካሜራ መረጃም ያጠፋዋል። አንሺዎቻችሁን «እንደ ፋይል ላኩልን» በሏቸው። ያኔ ዋናው ከነመረጃው ይደርሳችኋል። ከሌላ ቻናል ያገኛችሁትን ደግሞ በጎግል የምስል ፍለጋ አስገቡት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይታያል። ባይታይም ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ የላከውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁት።

ስህተት ሲገኝም በዝምታ ፎቶውን አትቀይሩ። ያኛውን ያየው ሰው መቀየሩን በምን ያውቃል? እዚያው ገጽ ላይ፣ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይም «ይህ ፎቶ የተነሳው በዚህ ቦታና ጊዜ ነው፤ ተሳስተናል» ብላችሁ ጻፉ። ከአሮጌዎቹ ፎቶዎቻችሁም የቻላችሁትን ያህል ስም መልሱላቸው። ከኮረሙ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

ለፎቶ ክፍላችሁ ልጆች ይህንኑ በቃል እንዳስረዳ ከፈለጋችሁ አንድ ቅዳሜ መጥቼ ያለ ክፍያ አደርገዋለሁ። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጋዜጣ ፎቶ ክፍል ባልደረባ
ከአዲስ አበባ