የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ አስቀድመን የምንጠይቀው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመጪው ወር ጀምሮ በውጭ አገር በቢዝነስ ዘርፍ ማስተርስ ለመማር ወደ ቢሯችን የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት አንድ ገጽ ቅጽ ይሞላል። የቅጹ ዋና ጥያቄ «የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ ማን፣ ከየት፣ በምን ገንዘብ ይከፍላል?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ «ገና ትምህርት ቤቱ ሳይቀበለኝ ይህ ምን ያስቸኩላል?» ብላችሁናል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ስለሆነ ምክንያታችንን በዝርዝር ልናስረዳችሁ ወደድን።

አንዲት ደንበኛችን አሜሪካ ውስጥ ለሁለት ዓመት ኤምቢኤ (የቢዝነስ ሥራ አመራር ማስተርስ) ተቀባይነት አግኝታ ሄደች። ቪዛዋን ባገኘች ማግስት እናቷ ድፎ ዳቦ አስይዘው መጥተው ቆመው መረቁን። የመጀመሪያውን ዓመት አጎቷ ከፈሉላት። ለሁለተኛው የታሰበው አባቷ አዲስ አበባ ባንክ ያስቀመጡት ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እስከዚያ ቀን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በተከታዮቹ ወራት ከ120 ብር አለፈ። ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀው 40,000 ዶላር ያህል ነበር፤ አባት በ2.3 ሚሊዮን ብር ግድም ያሰቡት ክፍያ ከ4.8 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ልጅቷ ስትደውልልን ፋይሏን ከመደርደሪያ አውርደን ገጽ በገጽ አየነው። የባንክ መግለጫው፣ የአጎቷ ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃው ሁሉም በቦታው አለ። ስለ ሁለተኛው ዓመት የሚናገር አንድም መስመር ግን የለም። ያን መስመር ማስጻፍ የእኛ ሥራ ነበር፤ አላደረግነውም። ትምህርቷን አቋርጣ ተመልሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ተማሪውን ሲቀበል አይ 20 የሚባለውን ቅጽ ይልክለታል። ቅጹ ላይ የሚሰፍረው የአንድ የትምህርት ዓመት ወጪና ያንን የሚሸፍነው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የብዙ ቤተሰብ ጥረት ሁሉ ያንን ቁጥር ማሳየት ላይ ያልቃል። ዘመድ ሒሳቡ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ያሳያል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቪዛው ይገኛል። የሚታይ ገንዘብና የሚከፈል ገንዘብ ግን የተለያዩ ናቸው። አጎት «ስፖንሰር እሆንሃለሁ» ሲሉ ወረቀቱን እፈርማለሁ ማለታቸው ይሁን፣ በየሴሚስተሩ ከኪሴ እከፍላለሁ ማለታቸው፣ በይሉኝታ ሳይጠየቅ ይቀራል። እባካችሁ ጠይቁ። ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብድር ከሆነ መቼ ይመለሳል? እሳቸው ከሥራ ቢወጡ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ከመሄዳችሁ በፊት መጠየቅ ቢከብድም፣ እዚያ ሆናችሁ መጋቢት ላይ ከመጠየቅ በእጅጉ ይቀላል።

«እዚያ ከደረስኩ ሠርቼ እከፍላለሁ» የሚለውን ሐሳብ በየሳምንቱ እንሰማለን። ኤፍ 1 የሚባለው የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ያውም ልዩ ፈቃድ ከሌለው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ብቻ መሥራት ይፈቀድለታል። በሰዓት 15 ዶላር ቢያገኝ በ15 ሳምንት ሴሚስተር ከግብር በፊት 4,500 ዶላር ይሆናል። ለምግብና ለትራንስፖርት ይረዳል፤ የትምህርት ክፍያ ግን አይሸፍንም። ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ መሥራት ደግሞ ሕጋዊ ቆይታን የሚያሳጣ ስለሆነ ማንም ቢመክራችሁ አትሞክሩት።

ብድርም ቢሆን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪዎች የሚሰጠው ብድር ለውጭ አገር ተማሪ አይፈቀድም። የግል ባንኮች በአብዛኛው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ዋስ ይጠይቃሉ። ያለ ዋስ የሚያበድሩ እንደ ፕሮዲጂ ፋይናንስና ኤምፓወር ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ የሚያበድሩት ግን ራሳቸው ለመረጧቸው ትምህርት ቤቶችና አገሮች ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት እነሱ ዘንድ መጠየቅ ይገባል። ዋስ የሚሆን ዘመድ ካላችሁም፣ እናንተ መክፈል ቢያቅታችሁ ዕዳው በእሱ ላይ እንደሚወድቅ ፊት ለፊት ንገሩት።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ ከሁሉ የምናስቀድመው የረዳትነት ሥራ የሚሰጡ የአሜሪካ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎችን ነው። ተማሪው በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ለክፍሉ ይሠራል፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያው በሙሉ ወይም በከፊል ይነሣለታል፣ በወር የኪስ ገንዘብም ያገኛል። ስማቸው ብዙ የማይጠራ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ቤተሰብም አንዳንድ ጊዜ ቅር ይለዋል። ግን ያለ ዕዳ መመረቅ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል እ.ኤ.አ. በ2024/25 የትምህርት ክፍያው ብቻ 76,410 ዶላር ነበር፤ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠውም በውጤት ሳይሆን በችግር መጠን ነው። ስታንፎርድ ለአፍሪካውያን ያዘጋጀው የኤምቢኤ ድጋፍ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ በዓመት የሚመረጡት ግን ከስምንት አይበልጡም፣ ከምረቃ በኋላም ወደ አፍሪካ ተመልሶ መሥራት ግዴታ ነው። አመልክቱ፤ ዕቅዳችሁን ሁሉ ግን በእሱ ላይ አትጣሉ። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት የትምህርት ዕድልም ለኤምቢኤ በሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ላይ ጣሪያ አለው። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ከሆነ ልዩነቱ የእናንተ ነው።

ጀርመንን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚባለው በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሰጠው መደበኛ ማስተርስ እንጂ ለኤምቢኤ አይደለም። ኤምቢኤ ለሠራተኞች የሚሰጥ ተጨማሪ ትምህርት ተብሎ ስለሚቆጠር ይከፈልበታል፤ በማኔጅመንት ወይም በቢዝነስ አስተዳደር የሚሰጠው መደበኛ ማስተርስ ግን በብዙ ክፍለ ግዛቶች የአስተዳደር መዋጮ ብቻ ነው የሚጠየቅበት። ባደን ቩርተምበርግ የተባለችው ክፍለ ግዛት ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። ለቪዛው በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው የአንድ ዓመት መተዳደሪያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ 11,904 ዩሮ ነው። ይህ ገንዘብ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ የምትኖሩበት እንጂ ለማሳያ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም። ለዚህ ነው የምንወደው፤ ቤተሰብ እውነተኛውን ወጪ ገና ከመነሻው ያየዋል።

ቅጹን ስትሞሉ ክፍያውን በዶላር ወይም በዩሮ ጻፉ። ገንዘባችሁ በብር ከሆነ በዛሬው ምንዛሪ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በሩብ ከፍ ባለ ተመንም አስሉት፤ ስሌቱን አብረናችሁ እንሠራለን። ወጪውን የሚሸፍነው ዘመድ ውጭ አገር ከሆነ በስልክ እንድናነጋግረው ፍቀዱልን። ለቅጹ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ የለም። ክፍተት ካገኘንና ማመልከቻውን ለአንድ ዓመት እንድታዘገዩት ከመከርናችሁ የመመዝገቢያ ክፍያችሁን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። ፋይላችሁ ቀድሞ የተከፈተና ማመልከቻችሁ ገና ያልተላከ ደንበኞች በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንደውልላችኋለን፤ የሚከፍልላችሁን ሰው ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ሠላምታ ጋር፣
ሥራ አስኪያጁ