ጅቦቹም እኔም አልተከፈለንም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከባሕር ማዶ ሆኜ በስልኬ የማነብ ሰው ነኝ። ሰሞኑን የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ የወጣችውን፣ ሆረር (የሚያስፈራ ፊልም) ለመሥራት ብር አያስፈልግም የምትለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ጸሐፊው ለወጣቶቻችን ምክር ለግሰዋል። አንድ ካሜራ፣ ሦስት ልጆችና አንድ ጫካ ይበቃል ይላሉ። ማስረጃቸው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነው፤ ጠንቋይ ፍለጋ ጫካ ገብተው የሚጠፉ ሦስት ወጣቶችን የሚያሳይ የአሜሪካ ሆረር። በ60 ሺህ ዶላር ተሠርቶ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፣ አለቀ።

አላለቀም። ፊልሙ የተቀረጸበት ጫካ ጎረቤቴ ነው። እኔ ራሴም አንድ ርካሽ ሆረር ላይ ቡም (ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ) ይዤ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ብጨምር ቅር አይላችሁም ብዬ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን ነው። ሴኔካ ክሪክ የሚባለው ፓርክ ከቤቴ በመኪና ደቂቃዎች ቢሆን ነው። በሰመር የሀበሻ ቤተሰብ ከሰሉንና ሥጋውን ጭኖ ወደ እንደዚህ ዓይነት ፓርክ ይወጣል። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ግን አዲስ አበባ ነው፣ በ1992 ዓ.ም.፣ ሰባራ ባቡር አካባቢ ከነበረ ቪዲዮ ቤት በተከራየሁት ካሴት። እውነተኛ ታሪክ ነው ተብለን ነበር ያየነው። ታላቅ እህቴ ካሴቱን በዚያው ሌሊት ካልመለስክ ብላ ቤቱን አተራመሰችው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የተቀረጸበትን ቦታ ሲነግረኝ ክው አልኩ። ለካ ጠንቋይዋ የሰፈሬ ሰው ናት!

ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልሙ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የቀድሞ ሙያዬ ስለሆነ ዓይኔ የሚሄደው ጠንቋይዋ ላይ ሳይሆን ሠራተኞቹ ላይ ነው።

ዳይሬክተሮቹ ዳንኤል ማይሪክ እና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ ናቸው። ሳንቼዝ ኩባ ተወልዶ እዚህ ሜሪላንድ ያደገ ነው። እኔ እንግሊዝኛ ልማር የገባሁበት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እሱም ተምሮበታል። (ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው አልገረማቸውም። እኔን ግን ገርሞኛል።) ተዋናዮቹ ሔዘር ዶናሁ፣ ጆሹዋ ሌናርድ እና ማይክል ዊሊያምስ ይባላሉ። የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ሲፈተኑ ጽሑፍ አልተሰጣቸውም። ገና በር ላይ ሳሉ «ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶብህ ሰባቱን ጨርሰሃል፣ ለምን እንፈታሃለን?» ዓይነት ጥያቄ ይወረወርባቸዋል፤ እዚያው ፈጥረው መመለስ ነው።

ቀረጻው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ስምንት ቀን ፈጀ። አሁን ቆጠራውን እንያዝ። የቪዲዮ ካሜራውን የያዘችው ሔዘር ናት። የ16 ሚሊ ሜትሩን ፊልም የቀረጸው ጆሹዋ ነው። ድምፁን የቀዳው ማይክል ነው። የምትሰሙትን ንግግር አብዛኛውን እዚያው የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። በአገራችን ደንብ ካሜራማን፣ ሳውንድ ማን እና የንግግር ጸሐፊ ለየብቻቸው ይከፈላቸዋል፣ ከተከፈላቸው ማለቴ ነው። እዚያ ግን ሦስቱ ልጆች ሁሉንም ሆኑት፤ ሻንጣውንም ተሸከሙት።

የቀሩት ሠራተኞች ደግሞ ጫካ ውስጥ ተደብቀዋል። ልጆቹ የት መሄድ እንዳለባቸው በጂፒኤስ ያገኙታል። ደርሰው ሲያዩ ለእያንዳንዳቸው የተጻፈ ትእዛዝ በፊልም ቆርቆሮ ተቀምጦላቸዋል። አንዱ የሌላውን አያነብም። ምግቡ በየቀኑ ይቀነሳል። ማታ ድካም ሲጥላቸው ዳይሬክተሮቹ መጥተው ድንኳኑን ይንጣሉ፣ እንጨት ይሰብራሉ፣ የሕፃናት ድምፅ በቴፕ ያጫውታሉ። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የእንጨት ሰው ምልክት የፈጠረው ቤን ሮክ የሚባል የፕሮዳክሽን ዲዛይነር ነው። ምልክቱን ዓለም ያውቀዋል፣ ስሙን ግን እንጃ። ኒል ፍሬድሪክስ የተባለው የካሜራ ባለሙያ ልጆቹን አሠልጥኖ ካሜራውን አስረከባቸው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሌላ ፊልም ከአየር ላይ ሊቀርጽ ወጥቶ አውሮፕላኑ ፍሎሪዳ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። ነፍስ ይማር።

እኔ በሙያዬ የምመሰክረው ግን ስለ ድምፁ ነው። በዚያ ፊልም ጠንቋይ አትታይም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስፈራችሁ ጆሯችሁ ነው። የእንጨት ቋ! ማለት፣ የልጅ ሳቅ ከሩቅ፣ ሰው በጨለማ ሲያለከልክ። ሳውንድ ማን ንጉሥ የሆነበት ሌላ ፊልም አላውቅም።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ አርቲዛን የተባለ ኩባንያ ፊልሙን በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ገዥው ድምፁን ለማስተካከልና ለሲኒማ ቤት ለማዘጋጀት ሌላ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል። ይህን ጸሐፊያችን ዘለውታል። ታሪኩ እውነት እንዲመስል ተብሎ ተዋናዮቹ በገዛ ስማቸው ነበር የተጫወቱት። ኢንተርኔት ላይ ጠፍተዋል፣ ሞተዋል ተብሎ ተጻፈ። ለሔዘር እናት የሐዘን መግለጫ ደረሳት። ልጅቷ በሕይወት እያለች! አስቡት፣ እናንተ ቤት ለቀስተኛ ድንኳን ሊተክል ሲመጣ።

ፊልሙ 100 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ለተዋናዮቹ የተላከላቸው የፍራፍሬ ቅርጫት እንደነበር እነሱው ተናግረዋል። በኋላ ድርሻቸውን ሸጠው እያንዳንዳቸው ወደ 300 ሺህ ዶላር እንዳገኙ ተዘግቧል። ለእኛ ብዙ ነው። ከ250 ሚሊዮን አጠገብ አስቀምጡትና እዩት። ሔዘርን ደግሞ የዓመቱ መጥፎ ተዋናይት ብለው ቀለዱባት። ማይክል ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪዎች አማካሪ ሆነ። እሷ ትወናውን ትታ በመጨረሻ ስሟን ቀየረች፤ አሁን ሬይ ሃንስ ነው የምትባለው። ስሟን ፊልሙ ወስዶባት፣ ሌላ ስም መፈለግ ነበረባት።

እ.ኤ.አ. በ2024 አሁን የፊልሙ ባለቤት የሆነው ላየንስጌት የተባለ ኩባንያ እንደገና ሊሠራው ነው ሲባል ሦስቱ ደብዳቤ ጻፉ። ስንቀጠር የሠራተኛ ማኅበርም ጠበቃም አልነበረንም አሉ። ያለፈውም የሚመጣውም ክፍያ ይታሰብልን፣ ስማችንንና መልካችንን ስትጠቀሙ አማክሩን አሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ልቤን ነካው። በየዓመቱ ለአንድ ያልታወቀ ጀማሪ ፊልም ሠሪ 60 ሺህ ዶላር ስጡልን አሉ። ልክ የፊልሙ በጀት ነው። በእነሱ የደረሰው በሌላ እንዳይደርስ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ። በ2001 ዓ.ም. ወደ መናገሻ መንገድ ላይ አንድ ጫካ ውስጥ ሆረር ቀረጽን። ተዋናዩም ባለሙያውም ተደምሮ ዘጠኝ ሰው ነበርን። የፕሮዲዩሰሩን ስም አልጠቅስም። ደሙን የሠራነው ከማርና ከቀይ የምግብ ቀለም ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ንብ ወረረን። የሞተችዋን ሆና የምትጫወተው ልጅ ሽሮውንም የምትሠራልን እሷው ናት። አንድ ጠዋት በነጭ ነጠላ፣ ፊቷ ደም በደም ሆኖ ድስት ስታማስል አንድ አባት አህዮቻቸውን እየነዱ ብቅ አሉ። አዩዋት። በስመአብ ብለው አማተቡና አህዮቹን እዚያው ጥለው ሮጡ። ተከትለን ማረጋጋቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ካሜራው በርቶ ቢሆን ኖሮ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት እሱ ነበር።

የእኔ ጠላት ጀነሬተሩ ነበር። ኬብል ቀጥለን ቀጥለን የቻልነውን ያህል አራቅነው። ያም ሆኖ ከእያንዳንዱ ንግግር ሥር ይንጎራጎራል። ሦስተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነዳጁ አለቀ። ጨለመ። ፀጥ አለ። ያኔ ጅቦቹ ጀመሩ። ሁሉም መኪና ውስጥ ሲገባ እኔ ቡሜን ይዤ ውጭ ቀረሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ እንደማይገኝ ስለማውቅ ነው። አርባ ደቂቃ ቀዳሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መጀመሪያው ላይ ኮሽታ አለበት።

የተዋዋልነው በቃል ነው፣ 2,000 ብር። ቀብድ 500 ተቀበልኩ። ቀሪው ፊልሙ ሲመረቅ ተባለ። ይህችን ቃል የአገር ቤት ፊልም ላይ የሠራ ሁሉ ያውቃታል። ፊልሙ ተመረቀ። ጅቦቼ ሲጮሁ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። መጨረሻ ላይ ስም ሲያልፍ «ድምፅ» ከሚለው አጠገብ የፕሮዲዩሰሩ የአክስት ልጅ ስም ተጽፏል። ልጁ ጫካውን አላየውም። ብሬን ስጠይቅ ፊልሙ አላተረፈም ተባልኩ። ከዚያ ያንኑ ድምፅ በሌሎች ሁለት ፊልሞች ላይ ሰማሁት። በኮሽታው ነው ያወቅሁት። ጅቦቹም እኔም አልተከፈለንም።

ስለዚህ ጸሐፊያችንን ላርማቸው። ርካሽ ፊልም ሲባል ወጪው የለም ማለት አይደለም። ወጪውን አምፖል ተሸካሚው፣ ሜካፕ የምትሠራው፣ ሙቷ ሽሮ ሠሪ በየኪሳቸው ሸፍነውታል ማለት ነው። ከእናንተም አንድ ነገር እለምናለሁ። የፊልም ዜና ስታወጡ ከዋና ተዋናዩ ፎቶ ሥር በትንሽ ፊደልም ቢሆን የባለሙያዎቹን ስም ደርድሩልን። ቦታ ከጠበባችሁ ፎቶውን አሳንሱት።

ያ ፕሮዲዩሰር ይህችን ደብዳቤ ካነበበ፣ ቀሪው 1,500 ብር ነው። ወለድ አልጠይቅም። ከጅቦቹ ጋር ግን ለብቻው ይነጋገር።

ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይልኝ
የቀድሞ ሳውንድ ማን
ከጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ