ስለ ሎሬልና ሃርዲ፦ ለቅዳሜው ውይይት መንደርደሪያ

የተከበራችሁ የፊልም ማኅበራችን አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ፒያሳ በተለመደው ቦታችን የምንወያየው ስለ ኮሜዲያኑ ጥንድ ስለ ስታን ሎሬልና ኦሊቨር ሃርዲ ነው።

እንግሊዛዊው ሎሬልና አሜሪካዊው ሃርዲ በፊልም አዘጋጁ ሃል ሮች ስቱዲዮ በየፊናቸው ሲሠሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1927 የተጣመሩ ሲሆን፣ ድምፅ አልባው ፊልም ሲያበቃ ብዙ ኮሜዲያን ሲደናቀፉ እነሱ ግን በሰላም ተሻገሩ። እንዲያውም አንዳንድ ፊልሞቻቸውን በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ደግመው ሲቀርፁ፣ የማያውቁትን ቋንቋ አጠራሩ ብቻ ተጽፎላቸው ያነቡት ነበር። (አማርኛ ቢደርሳቸው ኖሮ «ጨ» እና «ጰ» ሌላ ቀልድ ይወጣቸው ነበር።)

በእኔ አስተያየት ይበልጥ ልናተኩርበት የሚገባው የሥራ ክፍፍላቸው ነው። በፊልሙ ውስጥ ቂሉ ሎሬል፣ ከካሜራው ጀርባ ግን ቀልዱን የሚፈጥረውና እስከ ቅንብሩ ድረስ የሚከታተለው እሱ ሲሆን፣ ሃርዲ በበኩሉ ቀረጻው ሲያልቅ ጎልፍ መጫወትን ይመርጥ ነበር። በ1932 የኦስካር ሽልማት ያገኘው አጭር ፊልማቸው «ዘ ሚዩዚክ ቦክስ» ታሪኩ ፒያኖ በረጅም ደረጃ ከማውጣት ብዙም አያልፍም፤ ሆኖም ሳቁ የሚመጣው ከታሪኩ ሳይሆን ከትዕግሥቱ ነው። በ1940 ከሮች ተለይተው ትልልቅ ስቱዲዮዎች ሲገቡ ሎሬል ይህን ሥልጣኑን በማጣቱ ሥራቸው ደከመ። ሃርዲ በ1957 ካረፈ በኋላ ሎሬል በ1961 የክብር ኦስካር ተሰጠው።

ቅዳሜ የምናየው «ዘ ሚዩዚክ ቦክስ» ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ የዘገየ አባል ፒያኖው ደረጃውን ወጥቶ ካለቀ በኋላ እንዳይደርስ በትሕትና እናሳስባለን።