ጉዳዩ፦ የፊልም ክበቡ ስለሚቀርጸው የፐንክ ድራማ፣ ስለ ፀጉር፣ አልባሳትና ድምፅ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የፊልም ክበባችን ተማሪዎች በዚህ ሴሚስተር የሚሠሩት አጭር ድራማ ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1977 ለንደን ውስጥ፣ ፐንክ የሚባለው ጩኸታም የሮክ ሙዚቃና የወጣቶች አለባበስ በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ዓመቱ በእንግሊዝ የሥራ አጡ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነበረበት፣ ንግሥቲቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ደግሞ በየጎዳናው የተከበረበት ነበር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አባቷ ከፋብሪካ ሥራው የተቀነሰባት የ15 ዓመት ልጅ ናት። ፀጉሯን በገዛ እጇ ትቆርጣለች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ባንድ ትመሠርታለች፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ትኳረፋለች። ፊልሙ 20 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ቀረጻው በአራት ተከታታይ ቅዳሜዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይካሄዳል።

ስክሪፕቱ እጃችሁ ከገባ ወዲህ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁን አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ምን መስሎ ቤት ይመጣል? ጠዋት እንደወጣ ይመጣል። ደንባችን አጭር ነው፤ ለቀረጻ የሚደረግ ማንኛውም ነገር በዚያው ዕለት የሚወልቅ ወይም የሚታጠብ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አይደረግም። ደንቡ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ በታች አስፍረናል። ደብዳቤው ረዘም ቢልም ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት እንድታነቡት እንጠይቃለን።

ከፀጉር እንጀምር፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ነውና። ፐንክ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግራና ቀኙ ተላጭቶ መሃሉ እንደ አውራ ዶሮ ቁንጮ የቆመ ፀጉር ነው። ያ ዓይነት ፀጉር በፐንኮች ዘንድ የተስፋፋው ግን ከ1980 ወዲህ ነው። በ1977 የነበሩት የለንደን ፐንኮች ፀጉራቸው አጭር፣ እዚህም እዚያም የተቆራረጠና ጫፍ ጫፉ የቆመ ነበር። ስለዚህ «ለፊልሙ ስል መላጨት አለብኝ» የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ምክንያቱ ፊልሙ እንዳልሆነ እወቁ።

በዘመኑ ፀጉር የሚቆመው በሳሙና፣ በእንቁላል ነጭ ወይም በስኳር ውኃ ነበር። እኛ ሦስቱንም አንጠቀምም። ሳሙና ልጁ ሲያልበው ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ስኳር መብራት ሲሞቀው ይጣበቃል፣ ዝንብም ይጠራል። የእንቁላል ነጭ ደግሞ በሙቅ ውኃ ከታጠበ ፀጉሩ ላይ ይበስላል፤ ከዚያ በኋላ በማበጠሪያ መልቀም ብቻ ነው። የምንጠቀመው ጠንካራ ጄል ነው። ፀጉሩ በትንሹ ረጥቦ ጥቂት ጥቂት በጣት እየተያዘ ይቀባል፤ ልጁ አጎንብሶ በማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ይደርቅለታል። ክርድድ ያለ ፀጉር በራሱ ስለሚቆም ጄሉ የሚያስፈልገው ጫፉን ለመለያየት ብቻ ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ሹሩባዋን አትፈታም።

ለቀለም የመረጥነው ባለቀለም የፀጉር ሰም ነው። የቀለም ስፕሬይ ጥቁር ፀጉር ላይ ብዙም አይታይም፤ እንዲታይ ተብሎ ሲደጋገም ደግሞ እየደረቀ ልብስ ላይ ይራገፋል። ፀጉር የሚያነጣ ብሊችና ቋሚ ቀለም ክልክል ናቸው፤ የራስ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ አለርጂም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ከመጀመሪያው ቀረጻ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ትንሽ ሰምና ትንሽ የቆዳ ሙጫ የእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ተቀብቶ ይታያል። ከቀላ ወይም ካሳከከ ያ ልጅ ያለ ሰምና ያለ ሙጫ ይቀረጻል። ሰሙ በውኃ ብቻ አይለቅም። መጀመሪያ ደረቁ ፀጉር ዘይት ተቀብቶ አምስት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በሻምፑ ይታጠባል። ውኃው ከቀደመ ሰሙ ይበልጥ ይጣበቃል። እዚሁ አጥበን እንልካቸዋለን፤ ያም ሆኖ ለዚያ ሌሊት ትራሱ ላይ አሮጌ ፎጣ ብታነጥፉ አይከፋም።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀጉሯን የምትቆርጥበት ትዕይንት የሚቀረጸው በዊግ ነው። የተቆረጠ ዊግ ተመልሶ አይቀጠልም፤ ያሉን ሁለት ዊጎች ስለሆኑ ትዕይንቱ የሚቀረጸው ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ልምምዱ ያለ መቀስ፣ በባዶ እጅ ነው። በቀረጻው ጫፈ ድልዱም መቀስ እንጠቀማለን። ተዋናይዋ ከጆሮዋ በታች ያለውን ብቻ ትቆርጣለች። ከጆሮ በላይ ያለውን፣ በቅርብ ምስል የሚታየውን፣ የምትቆርጠው የክበቡ መምህርት ናት፤ የልጅቷን ሹራብ ትለብስና ከኋላ ሆና እጆቿን ብቻ ወደ ምስሉ ታስገባለች። በጥንቃቄ ከተቀረጸ ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቅም።

እዚህ ላይ ከእናንተ የምንፈልገው ነገር አለ። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ የመጨረሻው ትዕይንት በመጀመሪያው ቅዳሜ ሊሠራ ይችላል። በመሃል ፀጉሩን የተቆረጠ ልጅ በአንድ በር ሲገባ ረዥም፣ ከበሩ ወዲያ ሲታይ አጭር ፀጉር ይኖረዋል። እባካችሁ በአራቱ ሳምንታት ውስጥ ፀጉር አታስቆርጡ፣ አዲስ ሹሩባም አታሠሩ። አልባሳቱን ግን እኛ ፎቶ እያነሳን እንይዛለን፤ የትኛው እጅጌ እንደተጠቀለለ፣ ስንት መርፌ ቁልፍ የት እንደተሰካ ሳይቀር።

መርፌ ቁልፍ ልብስ ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አይሰካም። ጆሮ ላይ የሚታየው ሹል ዘንጉ በፒንሳ ተቆርጦ ጫፉ የተሞረደ፣ በቆዳ ሙጫ የተለጠፈ ግማሽ መርፌ ነው። ጉንጭና ከንፈር ላይ ምንም አይደረግም። በማግኔት የሚያያዝ የሐሰት ጌጥ ልጆቹ ከየትም ቢያመጡ እንሰበስባለን። ሁለት ትንንሽ ማግኔቶች ቢዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉና በዚህ አንደራደርም። ፊልሙን አይተው ጆሮ መበሳት የሚፈልጉ ይኖራሉ፤ እሱ የእናንተና የልጃችሁ ጉዳይ ነው፣ ከቀረጻው በኋላ ይሁን ብቻ።

ለአልባሳት አዲስ ነገር አትግዙ። ፐንኮቹ ራሳቸው አሮጌ ኮትና የትምህርት ቤት ክራባት ነበር የሚለብሱት። ከየቤቱ የምንፈልገው ለመቀደድ የተፈቀደ አንድ ኮት ወይም ሸሚዝ ነው፤ የተፈቀደ መሆኑን በቅጹ ላይ አረጋግጡልን፣ የአባት ምርጥ ኮት መጥቶ እንዳይቀደድ። በመቀስ ብቻ የተቀደደ ልብስ ጠርዙ ቀጥ ስለሚል ካሜራ ላይ ያሳብቃል። ስለዚህ ትንሽ ይቀደድና ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ ቀዳዳው እንዳይሰፋም ከውስጥ በስፌት ይያዛል። ልብሱ ላይ የሚኖረው ጽሑፍ ካርቶን ላይ ተቆርጦ በወጣ የፊደል ቅርጽ በኩል በስፖንጅ ይታተማል። ስፖንጁ ቀለም ከጠገበ ከካርቶኑ ሥር ገብቶ ፊደሉን ያበላሻል፤ ቀለሙ ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ ቢደገም ይሻላል።

የጥርስ ማስተካከያ ብረት ያደረጉ ልጆች ካሜራ ፊት እንዳይሸማቀቁ ንገሯቸው። «ኤክስ ሬይ ስፔክስ» የተባለው የፐንክ ባንድ ድምፃዊት ፖሊ ስታይሪን፣ አባቷ ሶማሌ የነበረችው፣ በዚያው ዘመን ከነጥርስ ብረቷ ነበር መድረክ ላይ የምትወጣው።

ስለ ምልክቶች ግልጽ መሆን እንፈልጋለን። በ1976 እና 1977 አንዳንድ ፐንኮች ሰው ለማስደንገጥ ብለው የናዚ ስዋስቲካ ይለብሱ ነበር። በፊልማችን አይኖርም፤ እነሱ ለማስደንገጥ ይልበሱት እንጂ ምልክቱ የሚያቆስለው ሌላ ሰው ነው። ታሪኩን ግን አንደብቅም፤ ልጆቹ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወያያሉ። በ1976 የተቋቋመው «ሮክ አጌንስት ሬሲዝም» የተባለው ንቅናቄ በ1978 በለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ስላዘጋጀው ትልቅ ኮንሰርትም ይማራሉ። ሮክሲ በተባለው የፐንክ ክበብ ዲጄው ዶን ሌትስ ሬጌ ያጫውት ነበር፤ ገና ብዙ የፐንክ ሸክላ አልታተመምና።

ድምፅን በተመለከተ፣ ድራም በዝግ ክፍል በቀላሉ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ለሠራተኞች ያወጣው መለኪያ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ነው፣ ያውም ለአዋቂ። ስለዚህ የኮንሰርቱ ትዕይንት በፕሌይባክ ይሠራል። ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀዳል፣ በቀረጻው ቀን በዝቅተኛ ድምፅ ይለቀቃል፣ ባንዱ ያስመስላል። የድራሙ ገጽና ሳህኖቹ በላስቲክ ይሸፈናሉ። ዘፈኑ በሚቀዳበት ዕለት ሁሉም የጆሮ መድፈኛ ያደርጋል፤ መድፈኛው ተጠቅልሎ ሲገባ ጆሮው በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ አለበት፣ አለበለዚያ በደንብ አይገጥምም። ዘፈኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ደርሰውታል፤ የሌላ ሰው ዘፈን ቢሆን የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሦስት ኮርድ አለው፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

የሚጨፍሩት «ፖጎ» ነው፤ እዚያው ቆሞ ወደ ላይ መዝለል። መጋፋትና መጋጨት ያለበት ጭፈራ ኋላ የመጣ ስለሆነ አያስፈልገንም። በመካከላቸው የአንድ ክንድ ርቀት ይኖራል፣ እጅ ከትከሻ በላይ አይነሳም፣ የጫማ ማሰሪያ ድርብ ይታሰራል። ካሜራው ራቅ ብሎ በረዥም ሌንስ ሲቀርጽ ሰዎቹ ተደራርበው ስለሚታዩ 12 ልጅ አዳራሽ የሞላ ሕዝብ ይመስላል። እያንዳንዱ ቀረጻ ከ30 ሰከንድ አይበልጥም፤ ጉዳት የሚደርሰው ልጅ ሲደክም ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ። በዘመኑ ታዳሚው ባንዱ ላይ ይተፋ ነበር፤ እኛ ዘንድ የለም።

ሲጋራ አይለኮስም። ትንባሆ የሌለው ሲጋራም ሲነድ ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ እሱም አይገባም፤ የሚታየው በጣት የተያዘ ያልተለኮሰ ብቻ ነው። ጠርሙሶቹ ፕላስቲክ፣ በውስጣቸው ያለው የቀዘቀዘ ሻይ ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ ስድብ አለ፣ በእህትማማቾቹ ጠብ ላይ። ልጃቸው የስድቡን ቃል እንዲናገር የማይፈልጉ ወላጆች በቅጹ ላይ ይጻፉ፣ ቃሉ ይለወጣል። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ወላጆቿን ይቅርታ ጠይቃ ፀጉሯን እንድታሳድግ ሐሳብ ያቀረባችሁ ነበራችሁ። ተወያይተንበት አልተቀበልነውም፤ በ15 ዓመት ጠብ እንዲህ በአንድ ምሽት አያልቅም፣ ልጆቹም ይህን ያውቁታል።

ፊልሙ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ብቻ ይታያል፣ ኢንተርኔት ላይ አይጫንም። በቀረጻ ጊዜ ስልኮች ይሰበሰባሉ። ኤዲቲንግ እስኪጀመር ድረስ ፈቃዳችሁን ማንሳት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድን ልጅ ማውጣት ማለት ትዕይንቱን በሙሉ መጣል ይሆናል። አለርጂ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ በቅጹ ጀርባ ግለጹልን፤ የኮንሰርቱ መብራት ብልጭ ድርግም እንዲል ታስቦ ነበርና በምላሻችሁ መሠረት ሊቀር ይችላል።

የተፈረመውን ቅጽ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ባለው ሰኞ ለክፍል ኃላፊው አስረክቡ። የቆዳ ምርመራው ሐሙስ ስለሆነ ከሰኞ በኋላ የሚመጣ ቅጽ ያለው ልጅ በዚያ ሳምንት ከካሜራው ጀርባ ይሠራል፤ እዚያም ሰው ይጎድለናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር