መኪናችን ቆማለች፤ ቀጠሮዎቹ ግን አልቆሙም

ለማኅበራችን አባላት፣ ለእርሻ ተሽከርካሪ ባለንብረቶችና ለወዳጆቻችን ሁሉ፤

በዚህ ዓመት እጃችንን ስንዘረጋ ይህ ሦስተኛው ነው። በሁለቱም ጊዜ የሰጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ደግመን ማስቸገሩ ከብዶናል። ነገር ግን በአደጋ የተጎዱ ሹፌሮቻችንን ወደ ሕክምና ክትትል የምታመላልሰው መኪና ከቀጠሮ ስትመለስ መንገድ ላይ ቀርታለች። ውስጧ ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀስ ወንድማችን ነበር፤ ሌላ መኪና እስኪገኝ ድረስ አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆየ። መካኒኮቹ ከፍተው አይተው፣ ሞተሩ ካልተቀየረ በቀር ተስፋ የለውም ብለዋል። የሹፌሮች ማኅበር መኪና አጥቶ መቀመጡ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ እኛን ግን አላሳቀንም። ለሞተሩ የጀመርነው መዋጮም ግማሽ ሳይደርስ ቆሟል።

ሹፌሩ ከሆስፒታል ወጣ ሲባል ሁላችንም እፎይ እንላለን። ጠያቂ ይቀንሳል፣ ስልክም ይጠፋል። መከራው የሚከፋው ግን ያን ጊዜ ነው። መኪናው ከመገዛቱ በፊት የሆነውን የቆያችሁ አባላት ታስታውሳላችሁ። ተጎታች ይዞ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ከኋላው የተገጨው ወንድማችን እግሩ ከውጭ በብረት ታስሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ብረቱ ወደ ሥጋ የሚገባበት ቦታ መጽዳት፣ አጥንቱም በየጊዜው በራጅ መታየት ነበረበት። መጓጓዣ አጥቶ ሁለት ቀጠሮ አለፈው። ቁስሉ መገለ፣ መግሉም ወደ አጥንቱ ዘለቀ። በአደጋው ዕለት የተረፈው እግር ከወራት በኋላ ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው በመጓጓዣ ምክንያት ቀጠሮ እንዳያልፈው አድርገናል። ይህን ስንል እየተመካን አይደለም፤ የቀጠሮ መዝገባችን ያሳያል። ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዱትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንደሚገባ ለቤተሰቦቻቸው አሳይተናል፤ የአልጋ ቁስል አንዴ ከጀመረ እስከ አጥንት ይደርሳልና። እግራቸው የተቆረጠባቸውንም ደጋግመን እናመላልሳለን። ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል በመጀመሪያው ዓመት እየከሳ ስለሚሄድ ያኔ የተለካው ሰው ሠራሽ እግር ይሰፋል፣ እንደገና መስተካከልም ይፈልጋል። አጥንታቸው ተጠግኖ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ እጃቸው የሚንቀጠቀጥም አሉ። እነርሱም ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ ግን ቁስላቸው ስለማይታይ ማንም አይጠይቃቸውም።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «ያለፈው ገንዘብ የት ገባ?» ተብሎ ተጠይቋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አጠያየቁ ግን አንዳንዶቻችንን አስከፍቶናል። ገንዘቡ ለመኪናው፣ ለነዳጅ፣ ለፍራሽ፣ ለክራንችና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክፍያ ውሏል። የኮሚቴው አባላት አበል አንቀበልም። አንድ ስሕተት ግን እናምናለን፤ ተሽከርካሪ ወንበሮቹን ሁሉንም በአንድ ልክ አዝዘን ሁለቱ ሰፍተው ተመልሰዋል። ልኩ ያልሆነ ወንበር ራሱ ቁስል እንደሚያመጣ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በማኅበሩ ትራክተሮች ላይ የመገልበጥ መከላከያ ብረት (ትራክተሩ ሲገለበጥ ሹፌሩ እንዳይጨፈለቅ የሚከልለውን) ማስገጠማችንን «ከዓላማ ውጭ ነው» ያሉም ነበሩ። በዚህ ላይ ግን ይቅርታ አንጠይቅም። ወደ ኋላ የሚገለበጥ ትራክተር ለመዝለል ጊዜ አይሰጥም፤ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሁሉም ነገር ያበቃል። ስዊድን ይህን ከለላ በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በመገልበጥ የሚሞተው ሹፌርም በኋለኞቹ ዓመታት እጅግ ቀንሷል። (ከለላው ካለ ቀበቶ ይታሰር። ቀበቶውን ከመቀመጫው ሥር የምትደብቁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) ከለላ ስለገጠምን የምናመላልሰው ሰው ካነሰ ከዚህ የበለጠ ምን ዓላማ አለ?

አሁን የምንለምነው ለሞተሩ የጎደለውን ብቻ ነው። የባንክ ሒሳቡ ቁጥር በአባልነት ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የታተመው ነው፤ አልተቀየረም። የተከፈተው በማኅበሩ ስም ነው፤ በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ የለንም። «ቁጥሩ ተለውጧል» ብሎ የሚደውልላችሁ ሰው ከእኛ ዘንድ አይደለም፤ አትላኩለት። ስታስገቡ በምክንያቱ ላይ «ሞተር» ብላችሁ ጻፉ፤ ደረሰኙንም ለገንዘብ ያዡ አሳዩ። ገንዘብ የሌላችሁ መኪናችሁን ለአንድ ቀጠሮ ብትሰጡን እንደ መዋጮ ይመዘገብላችኋል።

በሽተኛን መጠየቅ በየእምነታችን የታዘዝነው ነው፤ እንኳን ከጎናችን ሲያርስ የኖረውን። ነገ ከመሪው ጀርባ የምንቀመጠውም እኛው ነን።

ማክሰኞ ሦስት ሰዎች ቀጠሮ አላቸው፤ ለሁለቱ መኪና በልመና አግኝተናል። ለሦስተኛው እስካሁን የለንም። የሒሳብ ቁጥሩ፣ ደግመን እንናገራለን፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ነው።

የድጋፍ አሰባሳቢ ኮሚቴው